ዲዛይነርና ፕሮግራመር፤ ስለ ጠፉት የጉራግኛ ፊደላት

በዚህ አጭር ሐተታ የምንነቅፈው ድረ ገጽ ሲሠራ በንድፍ አውጪውና በኮድ ጸሐፊው፣ ማለት በተለምዶ ዲዛይነርና ፕሮግራመር በሚባሉት መካከል የሚታየውን የሥራ ግንኙነት ነው። ነቀፌታችን ከሌላ ሰው አይጀምርም፤ ከራሳችን ይጀምራል።

ከወልቂጤና ከቡታጅራ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ልጆችን የጉራግኛ ቃላት የሚያስተምር ገጽ ለማዘጋጀት ተስማምተን ነበር። በክረምቱ ዕረፍት ዲዛይነራችን ወልቂጤ፣ ፕሮግራመራችን ቡታጅራ፣ በየቤተ ሰባቸው ዘንድ ስለ ነበሩ ሥራው የሚመላለሰው በቴሌግራም ነበር። ንድፉ አማረ፤ ኮዱም ያለ እንከን ሠራ። ገጹ በስልክ ሲከፈት ግን በየቃሉ መካከል አንዳንዱ ፊደል ጠፍቶ በቦታው ባዶ ሳጥን ተደቅኖ ተገኘ።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። ከንፈራችንን አሞጥሙጠን የምንናገራቸው አንዳንድ የመ፣ የቀ፣ የበ፣ የከ፣ የገ፣ የፈና የፐ ድምፆች በአማርኛው ገበታ የሌሉ ፊደላት ያስፈልጓቸዋል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር መዝገብ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፣ ከጉራግኛው ፊደላት ከፊሎቹ በ2005፣ ሌሎች 28 ደግሞ በ2021 ተጨመሩ። ዲዛይነራችን እነዚህን ሁሉ የያዘ ፎንት በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ ስለ ነበር ምንም አልጎደለበትም። ፕሮግራመራችን ግን ገጹ በደካማ ኔትወርክ ቶሎ እንዲከፈት አስቦ ፎንቱን ቆራርጦ አሳነሰው፤ ሲቆርጥም ለአማርኛ የሚበቃውን ክፍል ይዞ ሌላውን ጣለው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? በዚህ ላይ የተነሣው ንትርክ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አንዱ «የሰጠሁህን አበላሸህብኝ» ሲል፣ ሌላው «ልዩ ፊደል እንዳለበት መቼ ነገርኸኝ» ይል ነበር። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የየራሳቸውን ሥራ በሚገባ ሠርተዋል፤ ሳይሠራ የቀረው በመካከላቸው ያለው ነው። ዲዛይነሩ የላከው ሥዕሉን እንጂ የቃላቱን ሙሉ ዝርዝር አልነበረም፤ በሥዕሉ ላይ የነበሩት አምስት ቃላትም እንደ አጋጣሚ ልዩ ፊደል የሌለባቸው ሆኑ። ፕሮግራመሩም ሌላ አለ ወይ ብሎ አልጠየቀም። የቀረነውም ዝርዝሩን በእጃችን ይዘን ዝም ብለን ከርመን፣ ቃላቱን ያስገባነው በመጨረሻው ቀን ነበር።

የከፋው ግን ልማዱ ነው። ዲዛይነር ፕሮግራመሩን እንደ ጭቃ አቡኪ፣ ፕሮግራመርም ዲዛይነሩን እንደ ቀለም ቀቢ ይቆጥረዋል (ጭቃ ማቡካትም ቢሆን ዕውቀት ይጠይቃል)። ስለዚህ አንዱ ጨርሶ እስኪያስረክብ ድረስ ሌላው ከሥራው አይደርስም። ጎጆ ሲቀለስ የቤቱ ክብ የሚለካው ምሰሶው ከሚቆምበት መሐል በገመድ፣ ሠሪዎቹ ባሉበት፣ እዚያው መሬት ላይ ነው፤ እንጨቱ የማይበቃ እንደ ሆነ ያን ጊዜውኑ ይታወቃል።

ከመጀመሪያው አብሮ መቀመጥ ሥራን ያዘገያል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ለሱቅ ማስታወቂያ የሚሆን ገጽ ከሆነም ተለያይቶ መሥራቱ ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን ፊደሉ ገና ከመሣሪያው ጋር ባልተላመደ ቋንቋ ሲሠራ፣ የአያቱን ቋንቋ ሊማር ስልኩን የከፈተ ልጅ የሚያገኘው ሳጥን ነው።

ፎንቱ አሁን በሙሉው ተመልሷል፤ ሳጥኖቹም የሉም። ገጹ ግን ከብዷል። ፕሮግራመራችን የማያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ ለይቶ እንደገና ሊቆርጥ አስቧል፤ ዲዛይነራችንም ዝርዝሩን ይዞ ቡታጅራ ድረስ ሊሄድ ተስማምቷል። የትራንስፖርቱን ማን እንደሚከፍል ግን ገና አልተወሰነም።