አንቀጽ 6፣ አንቀጽ 7 እና አዳራሹ ውስጥ የሌለችው ሴት

የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ለአንድ ቀን እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ድርሰት አንብቡት። ገና መጀመሪያው ላይ የሚገርም ነገር አለ። አንቀጽ 6 ዜግነትን ሲደነግግ በእዝባር ይጽፋል፦ ኢትዮጵያዊ/ኢትዮጵያዊት፣ ነው/ናት። አንቀጽ 7 ደግሞ «በወንድ ጾታ የተጻፈው ሴትንም ያካትታል» በሚል ሐሳብ ይገላገላል። አርቃቂዎቹ አንድ አንቀጽ ያህል ሞክረው የደከማቸው ይመስላል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ብዙ አዋጆችም ያችኑ ማምለጫ ትርጓሜ ክፍላቸው ላይ ይለጥፋሉ።

«ምን ችግር አለው? አማርኛ እንዲህ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ፉሪ ታክሲ ውስጥ ሴቷም ብትሆን «ወራጅ አለ» እንጂ «ወራጅ አለች» አትልም። ግን ረዳቱ ዞር ብሎ ያያታል። ሕግ ዞር ብሎ አያይም።

ቋንቋው አልታዘዝ ብሎም አይደለም። በ2010 ወ/ሮ ሙፈሪያት ካሚል የተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሲሆኑ፣ «ክቡር» ያለ ብዙ ጣጣ «ክብርት» ሆነ። ጥቅምት 2011 ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሲሆኑም ማንም ምላሱ አልተሳሰረም። «እርስዎ» እና «የተከበሩ» ጾታ የላቸውም፤ አክብሮት ብቻ ነው ያላቸው። ማለትም ወንበሩ ላይ ለተቀመጠችው ሴት አማርኛችን ይታጠፋል። «እሱ» የምትባለው አዳራሹ ውስጥ የሌለችው ናት፦ ሠራተኛዋ፣ ተከራይዋ፣ ተከሳሿ።

በ2020 እ.ኤ.አ. የጀርመን ፍትሕ ሚኒስቴር አንድ የኪሳራ ሕግ ረቂቅ በሴት ጾታ ጽፎ ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ «ሴቶችን ብቻ የሚመለከት ተደርጎ ሊነበብ ይችላል» ብሎ ተቃወመ፤ ረቂቁም ወደ ወንድ ጾታ ተመለሰ። የአንቀጽ 7ን ምስጢር ከዚህ በላይ የሚያጋልጥ የለም። «እሱ» ሁሉን ያቅፋል ይባላል፤ «እሷ» ስታቅፍ ግን ሰው ይደነግጣል።

እኛ ከጀርመኖቹ ይቀለናል። የእነሱ ስም በብዙ ቁጥርም ወንድና ሴት ይለያል፤ የእኛ «እነሱ» አይለይም። አንቀጽ 40 ራሱ ስለ መሬት ሲናገር «አርሶ አደሮች» ይላል፣ «መሬታቸው» ይላል። ባልና ሚስት፣ መበለትና ወንደላጤ እኩል ይገቡበታል። እዝባር አላስፈለገም፣ ማካካሻ አንቀጽም አላስፈለገም። ስለዚህ ምክር ቤቱ አዲስ ሰዋስው ይፍጠር አልልም። የሚቀጥለውን አዋጅ ሲያረቅ የራሱን አንቀጽ 40 ያንብብ፣ በዚያ አማርኛ ይጻፍ። ያኔ አንቀጽ 7 ሥራ ይፈታል።