«ፈላሻ» የሚለው ስም ከየት መጣ?



«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። የእኛ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ከቤት የወጣልን ስም ቤተ እስራኤል ነው፤ «ፈላሻ» የሚለውን ያወጣልን ጎረቤት ነው። ልጆቻችን ይህን ቃል እዚህ እስራኤል ሰምተው ወይም ከመጽሐፍ አንብበው ሲመጡ ትርጉሙን ይጠይቁናል። ብዙዎቻችን «ስደተኛ ማለት ነው» ብለን እናልፋለን። ይህ መልስ ይበቃል? አይመስለንም።

ስለ ቃሉ አመጣጥ ሦስት ነገር ይባላል። አንደኛው ከኢየሩሳሌም መፍለሳችንን ያመለክታል የሚለው ነው። ሁለተኛው በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከነገሡት ከአፄ ይስሐቅ ጋር ያያይዘዋል፤ ንጉሡ ጥምቀትን እምቢ ያሉትን ከርስታቸው ስለ ነቀሉ ስሙ ከዚያ ወጣ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ፈላሲ» በግዕዝ መነኩሴም ማለት ስለሆነ፣ በአባ ጸብራ የተጀመረውን የቤተ እስራኤልን ምንኩስና ያስታውሰናል።

ሊቃውንቱ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኛም የምንለው አለን።

የቃሉ ሥር ስድብ የለበትም። ክርስቲያኖች በነሐሴ የሚጾሙት ፍልሰታ ከዚሁ ከ«ፈለሰ» የመጣ ነው፤ በእርሱ የሚሰደብ ሰው ግን የለም። እንግዲህ ሥሩን ብቻ ቆፍሮ ስድቡን ማግኘት አይቻልም። ደግሞ የቃሉን መልክ እንይ። ግዕዙ «ፈላሲ» ነው። ከነከሰ ነካሽ፣ ከለበሰ ለባሽ እንደሚባለው ሁሉ ከፈለሰም «ፈላሽ» የሚያሰኘው አማርኛ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከግዕዝ ቢነሣም የተሞረደው በአማርኛ ተናጋሪው በጎረቤታችን አፍ ነው። ራሳችን ኢየሩሳሌምን እያሰብን ያወጣነው የክብር ስም ነው ማለት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። የመነኩሴውም ትርጉም ክብር እንጂ ስድብ አይሆንም።

የአፄ ይስሐቅ ታሪክ እንደሚነገረው ሆኖ ይሁን አይሁን ያከራክራል። ነገር ግን ቃሉ ለምን እንደሚያም የሚያስረዳው እርሱ ብቻ ነው፤ ነገሩ የመሬት ነውና። በጎንደር አገር ርስት የሌለው ሰው ሰው አይባልም ነበር። አባቶቻችን የሰው መሬት በጭሰኝነት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸማ እየሠሩ ኖሩ፤ እናቶቻችን ሸክላ ሠሩ። ማረሻውንና ምንቸቱን የገዛው ሰው ዞር ብሎ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆኖ ጭሰኝነት የቀረው በ1975 (እ.ኤ.አ.) ነው። እስከዚያ ድረስ «ፈላሻ» ማለት በጎረቤት አፍ «መሬት የለህም» ማለት ነበር።

ስሙን የጻፈ ሁሉ ተሳድቧል አንልም። ቮልፍ ሌስላው በ1951 (እ.ኤ.አ.) የጸሎትና የሃይማኖት መጻሕፍቶቻችንን በእንግሊዝኛ ተርጉመው ሲያሳትሙ ይህንኑ ስም በርእሱ ላይ አኑረዋል። ሥራቸው ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም የቤቱን ስም ትቶ የጎረቤቱን መያዝ ያን ጊዜም ጉድለት ነበረ።

እዚህ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በእብራይስጥ «ፖሌሽ» ማለት በሰው አገር በግድ የገባ፣ ወራሪ ማለት ነው። ለጆሮ ቅርብ ነው። እዚያ መሬት የለህም የተባለ ሰው ልጅ እዚህ በሰው መሬት ገባህ የተባለ ሊመስለው ይችላል። «ስደተኛ ማለት ነው» የሚለው አጭር መልስ ከዚህ አያድነውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጅ ሲጠይቅ አንቆጣው፣ ዝምም አንበለው። ቃሉ ከየት እንደ ተነሣ፣ ማን እንዳወጣው፣ ርስት ለምን እንዳልነበረን እንንገረው። ከዚያም ከቤት የወጣውን ስም እናስጨብጠው፤ ቤተ እስራኤል። ጎረቤትም ቀስ ብሎ ይከተላል።