አንድ ኪሎ ቡና ስንት ማይክሮቮልት ነው?

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ከሁሩሙ፣ ከጎሬ፣ ደኑ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበው ከያዮም ቡና ወደ ገበያ ይወጣል። መቱ ላይም ሆነ በየከተማው ገበሬና ነጋዴ የሚተማመኑት በሚዛኑ ቁጥር ነው። ዲጂታል ሚዛን የሚጠግን ባለሙያ ደግሞ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለችውን ደካማ ሲግናል ማወቅ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚዛኑ ሳህን ሥር ያለው ሎድ ሴል ጭነት ሲያርፍበት በጥቂቱ ይጎብጣል። ብዙዎቹ ሎድ ሴሎች ሙሉ ጭነት ሲሸከሙ፣ ለተሰጣቸው ለእያንዳንዱ ቮልት 2 ሚሊቮልት ያህል ይመልሳሉ። 100 ኪሎ የሚችል ሴል 5 ቮልት ቢሰጠው ቢበዛ የሚያወጣው 10 ሚሊቮልት ነው። አንድ ኪሎ 100 ማይክሮቮልት ሆነ ማለት ነው! ያውም ይህች ልዩነት የምትለካው እያንዳንዳቸው 2.5 ቮልት ገደማ በያዙ ሁለት ሽቦዎች መካከል ነው።

ይህችን ደካማ ሲግናል ለማጉላት ለጠጋኝ እጅ ቅርብ የሆነው ማጉያ አይሲ (ኦፕ-አምፕ) ኤልኤም358 ነው፤ ከአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ቦርድ ሳይቀር ተነቅሎ ይገኛል። ከ3 እስከ 32 ቮልት ባለው በየትኛውም ይሠራል፤ የባትሪ ቮልቴጅ ለመከታተል ከበቂ በላይ ነው። ሎድ ሴል ላይ በቀጥታ ሲታሰር ግን ሌላ ታሪክ ይሆናል። አይሲው ራሱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው 2 ሚሊቮልት ገደማ በሚዛኑ ሲሰላ 20 ኪሎ ነው። ይህ እንኳ ባዶውን ሚዛን ዜሮ በማድረግ ይታረማል። አስቸጋሪው ሙቀት ነው። ኤልኤም358 በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 7 ማይክሮቮልት ያህል ይንሸራተታል። ጠዋት በቅዝቃዜ ዜሮ የተደረገ ሚዛን ቀትር ላይ 10 ዲግሪ ቢሞቅ 700 ግራም ይዋሻል፤ መዛኙ በየጆንያው ዜሮ ካላደረገ በቀር ገበሬው ወይም ነጋዴው ይጎዳል።

ለዚህ ቦታ የተሠራው ኢንስትሩመንቴሽን አምፕሊፋየር ነው። ሁለቱ ሽቦዎች የሚጋሩትን 2.5 ቮልት ትቶ ልዩነታቸውን ብቻ ያጎላል። ታዋቂው ኤዲ620 በተሻለው ደረጃው የሚንሸራተተው በዲግሪ ቢበዛ 0.6 ማይክሮቮልት ነው፤ 700 ግራሙ ወደ 60 ግራም ወረደ። የሚያጎላበት መጠንም በአንድ ሬዚስተር ይወሰናል፦ 249 ኦም ቢደረግለት 200 ጊዜ ገደማ ያጎላል። ዛሬ ብዙ ርካሽ ሚዛኖች ማጉያውንም ወደ ዲጂታል መቀየሪያውንም በአንድ ላይ በያዘው አይሲ በኤችኤክስ711 ስለሚሠሩ ምርጫው በፋብሪካ ያለቀ ነው።

ውድ አይሲ መግዛት ብቻውን ግን ሚዛን አያስተካክልም። ኤዲ620 በ5 ቮልት ሲሠራ ውጤቱ ከ1.1 ቮልት በታች መውረድ አይችልም። ሪፈረንስ የሚባለው እግሩ ግራውንድ ላይ ከታሰረ ሚዛኑ እስከ 55 ኪሎ ድረስ የተጫነበትን ሳያሳይ ይቀራል። ጠጋኙ ሎድ ሴሉ ተበላሽቷል ብሎ ሊነቅለው ይችላል፤ ሴሉ ግን ጤነኛ ነው።

መፍትሔው ሪፈረንሱን ወደ 1.5 ቮልት ማንሳት ነው። ያን ጊዜ ሙሉው ክብደት 3.5 ቮልት ላይ ያርፋል፤ ከላይኛው ወሰን ከ3.8 ቮልት አያልፍም። ሁለት ሬዚስተር ብቻ ደርድሮ 1.5 ቮልት ማውጣት ግን አይበቃም፤ እግሩ ጠንካራ ምንጭ ይፈልጋል፤ አለዚያ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል የማየት ችሎታው ይበላሻል። እዚህ ጋ በመካከል የሚገባው ያው ኤልኤም358 ነው። መንሸራተቱ አልቀረም፤ ነገር ግን የሚደመረው ሲግናሉ 200 ጊዜ ከጎላ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያው 10 ዲግሪ የሚያመጣው ስሕተት 4 ግራም እንኳ አይሞላም።