ኳሷን ያስተነፈሳት ሰው ነው ወይስ ብርድ?

እ.አ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2015 በአሜሪካ ፉትቦል ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን 45 ለ 7 ደቆሰው። ወሬው ግን ስለ ውጤቱ አልነበረም። በእረፍት ሰዓት የተለኩት 11 የፓትሪየትስ ኳሶች በሙሉ ደንቡ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ግፊት፣ ከ12.5 ፒ.ኤስ.አይ. በታች ሆነው ተገኙ። ለስለስ ያለች ኳስ ለእጅ ትመቻለች፤ ስለዚህ ጣት ወደ ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ ተቀሰረ። የሊጉ መርማሪ፣ ጠበቃው ቴድ ዌልስ፣ በ243 ገጽ ሪፖርቱ ሁለት የቡድኑ ሠራተኞች ሆን ብለው አየር ማስወጣታቸው «ካለመሆን ይልቅ የመሆን ዕድሉ ያመዝናል» አለ። ብሬዲ 4 ጨዋታ ታገደ፤ ቡድኑ 1 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ኳሶቹ የተነፉት 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሜዳው 9 ዲግሪ ገደማ ነበር። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፦ 12.5ን ብቻ ይዞ ያሰላና «ብርዱ የሚቀንሰው ግማሽ ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ ነው» ይላል። መለኪያው ግን የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ነው። የከባቢ አየሩን 14.7 ስትጨምሩበት 27.2 ይሆናል። ሙቀቱን ወደ ኬልቪን ቀይሩ፤ ከ295 ወደ 282። 27.2 ወደ 26 ይወርዳል፤ 14.7ን መልሳችሁ ስትቀንሱ 11.3 ታገኛላችሁ። ማንም ሳይነካት!

ታዲያ የተለካው ስንት ነው? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። መለኪያዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው በ0.4 ገደማ አብልጦ ያነባል። በአንዱ የኳሶቹ አማካይ 11.49፣ በሌላው 11.11 ነው። ዳኛው ከጨዋታው በፊት የተጠቀምኩት አብልጦ የሚያነበውን ይመስለኛል ብሎ ነበር። በእሱ ከሄድን 11.49 ብርዱ ብቻውን ከሚያስረዳው አያንስም፤ ክሱ ከፊዚክስ የሚያገኘው ድጋፍ የለም። ሪፖርቱ ግን የዳኛውን ትዝታ ትቶ ሌላኛውን መለኪያ መረጠ። ምክንያት ሰጥቷል፤ ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። በብዙ ነገር የተመካበትን ምስክር፣ ልዩነት የሚያመጣው ነጥብ ላይ ሲደርስ ተሳስቷል ማለት ይከብዳል።

«የኮልትስ ኳሶች ለምን ያን ያህል አልቀነሱም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲጀመርም በ13 ገደማ ነበር የተነፉት። ደግሞ ጊዜ አልቆ 4ቱ ብቻ ተለኩ፤ ያውም ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ቆይተው፣ ከፓትሪየትስ ኳሶች በኋላ። ኳስ ሲሞቅ ግፊቱ ይመለሳል። ሪፖርቱ ይህን ለማስላት ሞክሯል፤ ግን እያንዳንዷ ኳስ በስንተኛው ደቂቃ እንደተለካች የጻፈ ሰው አልነበረም። ከጨዋታው በፊት የነበረው ቁጥርም ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

ይህ ሁሉ ቡድኑን ነፃ አያወጣውም። አንዱ ሠራተኛ በስልክ መልእክት ራሱን «አስተንፋሹ» ብሎ ጠርቷል፤ ኳሶቹን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገብቶ 100 ሰከንድ ያህል መቆየቱም ተቀርጿል። ይሄ ግን የመርማሪ ሥራ እንጂ የቴርሞሜትር አይደለም። ሪፖርቱን የምወቅሰው ሁለቱን ስላደባለቀ ነው፤ ደካማውን ልኬት በመልእክቱ ደገፈ፣ መልእክቱን ደግሞ በልኬቱ።

ሊጉ በቀጣዩ የ2015 የውድድር ዘመን ኳሶችን በጨዋታ መሐል እየመረጠ ለካ። በብርድ ቀን የሌሎቹ ቡድኖች ኳስ ስንት ያነብ እንደነበር ለማወቅ ከዚያ የተሻለ መረጃ አይገኝም ነበር። ቁጥሮቹን ግን ለሕዝብ አላወጣቸውም።