የክርስቶስ ሠምራ ገረድ

ስለ ገድላት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወገን እንሆናለን። አንደኛው «ተረት ነው» ብሎ ሳያነብ ይጥለዋል፤ ሌላው ተሳልሞ፣ እሱም ሳያነብ ያስቀምጠዋል። በዚህ መካከል ገድል እንደ ድርሰት የሚነግረን ቁም ነገር ሰሚ አጥቶ ይቀራል። ለዛሬ ገድለ ክርስቶስ ሠምራን በዚህ ዓይን እንመልከት።

የኢጣሊያው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ገድል በይበልጥ የሚታወቀው ቅድስቲቱ ሰይጣንን ከፈጣሪ ልታስታርቅ በመነሣቷ ነው። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን መነሻው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው የቡልጋዋ ክርስቶስ ሠምራ ባለ ትዳር፣ የልጆች እናትና የአገልጋዮች እመቤት ነበረች። አንድ ቀን ገረዷ ብታናድዳት በቁጣ ገንፍላ የሚነድ እንጨት አፏ ውስጥ ትከትባታለች፤ ገረዲቱም ትሞታለች። እመቤቲቱ ደንግጣ ታለቅሳለች፤ «ብታስነሣልኝ ዓለምን ትቼ አገለግልሃለሁ» ብላ ትሳላለች። ገረዲቱ ትነሣለች፤ እሷም ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዳ ትመነኩሳለች።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ራስን የመግዛትን ነገር የጀመረው ከጾም ብዛት ሳይሆን፣ ሥልጣን ያላት ሴት እጇን መግታት ካቃታት ቅጽበት ነው። ኋላ በጣና ውኃ ውስጥ ቆማ የጸለየችባቸውን 12 ዓመታት ስናነብ ያ እሳት ትዝ ይለናል። ጸሎቷም ከራሷ አልፎ ይሄዳል፤ ሰይጣንን ላስታርቅ ማለቷ የአዳም ልጆች ከሥቃይ እንዲድኑ ነውና። እሱ እምቢ ብሎ ወደ ሲኦል ቢጎትታት እንኳ በቅዱስ ሚካኤል ረዳትነት ብዙ ነፍሳት ይዛ ትወጣለች። ለሌላው ያልተረፈ ተጋድሎ ገና መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ገረዲቱስ? ከሞት ከተነሣች በኋላ ትረካው እመቤቲቱን ተከትሎ ይነጉዳል። ለሰይጣን እንኳ የተረፈው ርኅራኄ ወደ ጓዳ ዞሮ አያይም። ዘመኑ ገረድና ባሪያ በድርሰት ውስጥ ድምፅ የሌላቸው ዘመን ነበርና ጸሐፊውን ብቻ መክሰስ አይገባም።

እኛስ? በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን፤ የጾሙን ሽሮ በምትሠራልን፣ ከሁላችን ቀድማ ተነሥታ ከሁላችን በኋላ በምትተኛው ልጅ ላይ ግን ምላሳችን አይጾምም። ለደጀ ሰላሙ ነዳይ ሳንቲም ቆጥረን እንወጣለን፤ የእሷ ደመወዝ ሁለት ወር ቢያድር አይቆረቁረንም። የምናገለግለውን ሰው ሩቅ የምንፈልገው፣ የቅርቡ ስለሚያውቀን ይመስለኛል።

ነሐሴ 24 ቀን በዓሏ ሲከበር የ12 ዓመቱን ቁመት የሚያደንቅ ሁሉ፣ ያ መንገድ በአንዲት ገረድ ምክንያት እንደ ተጀመረ ባይዘነጋ መልካም ነው።