የደጋው እርቦ

«ጋሼ፣ ይችን 125 ወደ 150 ከፍ ያድርጉልኝ።»

ወግዲ ላይ ሞተር የሚጠግን ሰው ይህችን ልመና ሳይሰማ የሚያልፈው ወር የለም። ለማኙ ብዙ ጊዜ ሰው አፈናጦ፣ በላዩ ጆንያ ጤፍ ደርቦ፣ ዳገት መሀል ላይ የቀረ ልጅ ነው። እኔም «አብሽር» እለውና ሲሊንደሩን ትቼ የሰንሰለቱን ጥርስ እቆጥራለሁ። የፊቱን ባለ 15 ጥርስ በባለ 14 ብቀይርለት ለዳገት ሰባት በመቶ ያህል ጉልበት ያገኛል። የሚያጣው ሜዳ ላይ የሚሮጠውን ነው። ግማሾቹ በዚህ ይረካሉ፣ ሞተሩ ሳይፈታ ይሄዳሉ። (ሞተር የምንለው ብስክሌቷንም ሆዷ ውስጥ ያለውንም ስለሆነ፣ እኛ ጋ «የሞተሯ ሞተር» ቢባል የሚስቅ የለም።)

ያልረካው ሂሳብ የምሠራበት ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ሪቲፊካ የተደረገ፣ ማለትም ውስጡ ተፍቆ የሰፋ ሲሊንደር ሲሲው ያደገ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ማደጉንስ ያድጋል፣ ግን ስንት? አገሩን የሞላው የቻይና 125 ሲሊንደር ወርዱ 56.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስቶኑ 49.5 ሚሊ ሜትር ይመላለሳል። ሂሳቡ 124 ሲሲ ይሆናል። ለጥገና የሚሸጡት ፒስቶኖች በሩብ በሩብ ሚሊ ሜትር እየወፈሩ 1 ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃሉ። አራቱንም ደረጃ አስፍቼ ብጨርስ የማገኘው 128 ሲሲ ተኩል ነው። ሲሊንደሩ ከጎረቤታችን ከመካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ፣ ሪቲፊካ ቤት ወዳለበት ደሴ አራት ጊዜ ተመላልሶ፣ ለአራት ሲሲ!

እውነተኛው 150 ወርዱ 62 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፒስቶኑ ጉዞ ግን ያው 49.5። ስለዚህ ሲሊንደርና ፒስቶን ቀይሮ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሲሊንደሩ የሚቀመጥበትን የካርተሩን አፍ ቶርኖ ላይ አስፍቶ ይደረስበታል። 200 ከተባለ ሌላ ወሬ ነው። ወርዱ 63.5 ሚሊ ሜትር፣ ከ150ው የሚበልጠው በ1.5 ብቻ። ሲሲው ያለው በጉዞው ነው፤ 62.2 ሚሊ ሜትር። ጉዞውን የሚወስነው ደግሞ ፒስቶኑን የሚያመላልሰው ኮሎ ነው። ሲሊንደር ብቻ ቀይሬ 200 አደርግልሃለሁ የሚል ባለሙያ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

የዚህ ሞተር ዘር ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ሲጂ 125 ነው። ጃፓኖቹ ቫልቮላዎቹን በሰንሰለት ማስከፈቱን ትተው በዘንግ እንዲገፉ አደረጉ፤ ዘይት መቀየር የሚረሳ፣ ከልክ በላይ የሚጭን ባለቤት ታስቧቸው። ሳያዩን ያወቁን ይመስለኛል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶም «150 ይሁንልኝ» ካለ የምነግረው የመጨረሻ ነገር ስለ አየሩ ነው። መካነ ሰላም 2600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሲሊንደሩም በእያንዳንዱ ምት የሚጠጣው ያንን የሳሳ አየር ነው። የዱሮ ባለ መሬት እርቦውን፣ ሩቡን፣ ሳያነሳ እህል ከአውድማ አይገባም ነበር፤ ደጋውም እንደዚያው ነው። 150 ገዝተህ 110 ትነዳለህ። 125 የገዛው የሚነዳው ከመቶ በታች ነው። ስለዚህ ልጁን ስግብግብ ነህ አልለውም፤ የተወሰደበትን ነው የሚያስመልሰው።

ስመልስለት ግን ሌላ ዕዳ አስገባለሁ። አንድ ለዘጠኝ የሚጨምቅ 125፣ ሲሊንደሩን ከላይ በሚዘጋው ቴስታታ ውስጥ ለእሳት የተተወው ቦታ 15 ሲሲ ተኩል ያህል ነው። ቴስታታውን ሳልነካ ሲሊንደሩን 150 ባደርገው ጭምቁ ከአንድ ለአሥር ተኩል ያልፋል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ይህ አይታወቅም፤ እንዲያውም ሞተሯ ደስ ትላለች። በሃይላንድ ጠርሙስ የተሸጠውንም ቤንዚን ዝም ብላ ትጠጣለች።

ዕዳው ቆላ ላይ እንደሚከፈል ያወቅሁት በሰው ንብረት ነው። የአንዱን 125 ወደ 150 ከፍ አደረግሁለት። ፒስቶኑን ያለ ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ስለቀው በራሱ ክብደት እያዘገመ ወረደ፤ ዱብ ቢል ሰፍቷል፣ ቆሞ ቢቀር ጠቧል እል ነበር። ካርቡራቶሩንም ለወግዲ አየር ለክቼ፣ ቤንዚን የምታሳልፈውን ጂግለር ቀዳዳዋ የጠበበ አደረግሁ። ካንዴላው ቡና መስሎ ወጣ። ኮራሁ። ልጁ በሳምንቱ ጎጃም ልሻገር ብሎ ዓባይ በረሃ ወረደ። ቁልቁሉን ሞተሩ ስላልሠራ ምንም አልሆነም። ሲመለስ ግን ከወንዙ ዳር ተነሥቶ፣ ሸክም ይዞ፣ ጋዙን እስከ ጥግ ከፍቶ ወጣ። እዚያ ታች አየሩ ወፍሯል፤ ጂግለሯ ግን የደጋ ናት። አየር በዛ፣ ቤንዚን አነሰ፣ ሙቀቱ ላይ ሙቀት ተጨመረ፤ ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ቀረ። በአይሱዙ ጭኖ አመጣት። አልተቆጣኝም፤ ያ ይበልጥ አስጨነቀኝ። የፒስቶኑን ዋጋ ከኪሴ ከፈልሁ።

ከዚያ ወዲህ ወፈር ያለ ጓርኒሲዮን ከሲሊንደሩ ሥር እየደረብሁ ጭምቁን ዝቅ አደርጋለሁ። ከጉልበቱ ትንሽ ይቀነሳል፤ ይቀነስ። የፍሬኑን ሸራ ሳላይም አልለቅም፤ የ125 ፍሬን የ150 ሸክም ይዞ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ማሰብ አልወድም። የሞተር ቁጥር ያለበት ካርተር ከተቀየረ ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር አይገጥምም፤ ያንን ባለቤቱ ቀድሞ ይጨርስ።

ጂግለር ሁለት እሰጣለሁ፤ ጠባቧ ካርቡራቶሩ ላይ፣ ሰፊዋ ለበረሃ። ሰፊዋን ኪሳቸው ከትተው የሚጥሉ አሉ። ያ ልጅ ግን የእሱን ከማተቡ ጋር አስሯታል፤ ካቻቢቴ ከኮርቻው ሥር ያስቀምጣል፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ወርዶ ይቀይራታል።