የፊደሉ ባለቤት ማነው?

የኪነ ጥበብ ሥራ ከሕዝብ ኑሮ ይፈልቃል የሚለው አባባል በመካከላችን ብዙ ጊዜ ይነገራል። አባባሉ በተግባር ሲፈተን ምን እንደሚመስል ለማየት ጎተም የተባለውን የላቲን የኅትመት ፊደል መመርመር ይጠቅማል።

ፊደሉን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ቶባያስ ፍሪር ጆንስ ነደፈው፤ ያዘዘውም ጂ ኪው የተባለው የወንዶች መጽሔት ነበር። ነዳፊው መነሻ ያደረገው በኒው ዮርክ፥ በ8ኛው ጎዳና የሚገኘውን የአውቶቡስ ጣቢያና የአሮጌ ሕንፃዎችን የግንባር ጽሑፍ ነው። እነዚያን ፊደላት የሠሩት የኅትመት ሊቃውንት አልነበሩም፤ ማስመሪያና ኮምፓስ የያዙ መሐንዲሶች፥ ቆርቆሮ ቆራጮችና ቀለም ቀቢዎች ነበሩ። ጎተም የእነርሱን ግልጽነት ሳያሽሞነሙን መያዙ ትልቁ ብልጫው ነው። በ2008 የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ መፈክሩን የጻፈበትም ይኸው ፊደል ነበር።

ይሁን እንጂ በግድግዳ ላይ የተገኘው በአብዛኛው ትልልቁ የላቲን ፊደል ብቻ ስለ ነበረ፥ ትንንሹን ነዳፊው ራሱ መፍጠር ነበረበት። እንግዲህ ችሎታው የሚመዘነው ባገኘው ሳይሆን በጨመረው ነው። ጉድለቱም በዚያው ይታያል፤ የየሠራተኛው እጅ ልዩ ልዩ ጠባይ በአንድ የተስተካከለ መልክ ተውጧል።

የባለቤትነቱ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። በ2014 ፍሪር ጆንስ የድርጅቱ እኩሌታ ቃል ተገብቶልኝ ነበር ሲል ባልደረባውን ጆናታን ሄፍለርን ከሰሰ፤ ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ። በ2021 ሞኖታይፕ የተባለው ኩባንያ ድርጅቱን ገዛ። ክርክሩ በሁለት ነዳፊዎች መካከል ነበር፤ ቆርቆሮ ቆራጩ ከባለድርሻዎቹ ወገን አልተቈጠረም።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገር ቤት በሱቅ ሰሌዳ፥ በቡና ቤት በርና በጭነት መኪና ጎን በብሩሽ የተጻፈው ፊደል በታተመ ፕላስቲክ እየተተካ ነው። ከእርሱ የኅትመት ፊደል ለመንደፍ የሚነሣ ሰው ሸክሙ ከፍሪር ጆንስ ይበልጣል። አንድ የሱቅ ሰሌዳ ጥቂት ፊደላት ብቻ ይሰጠዋል፤ ገበታው ግን ዲቃሎቹን ሳይጨምር 33 ፊደል በ7 ሆሄ፥ 231 ነው። የቀረውን ሁሉ የሰሌዳውን ጠባይ አጥንቶ ራሱ ማውጣት አለበት።

ስለዚህ ወደ አገር የሚዘልቅ ወገን ሰሌዳ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፥ ቦታውንና ዘመኑን፥ ቢገኝም የጸሐፊውን ስም ከፈቃዱ ጋር ይመዝግብ። ከዚያ የተነደፈ ፊደል ሲወጣም የሰሌዳ ጸሐፊው ስም ከነዳፊው ስም ጐን ሊሰፍር፥ ገቢ ቢገኝም ድርሻው ሊታሰብለት ይገባል።